የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጅቡቲን በቀትር አይፍረዱባት

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንዲት ከተማ የተጻፉ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእርሷ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በአንድ የትራንዚት ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ወደ ጅቡቲ ቅርንጫፉ ሊያዛውረኝ ወስኗል። ደመወዙ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ያማከርኳቸው ሁሉ «ጅቡቲ ማለት ሙቀትና ኮንቴይነር ነው፤ ገንዘብህን ያዝና ቶሎ ተመለስ» ይሉኛል። ባለቤቴም ይህንኑ ሰምታ አብራኝ ለመሄድ እያመነታች ነው። ለመሆኑ ይህች ከተማ ከወደብነቷ በቀር የራሷ የሆነ ባህልና ጠባይ የላትም?
(አንባቢ፣ ከቃሊቲ)

መልስ፦ ሙቀቱም ኮንቴይነሩም እውነት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሐምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ወደቡም በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተጫረ በኋላ ቀድሞ በአሰብ ይገባና ይወጣ የነበረውን ጭነት ጭምር ተረክቦ፣ የአገራችንን የውጭ ንግድ አብዛኛውን ክፍል ሲያስተናግድ ኖሯል። ይሁን እንጂ መካሪዎችዎን «ከተማዋን ከየት ሆናችሁ፣ በስንት ሰዓት አያችኋት?» ብለው ቢጠይቋቸው የአብዛኞቹ መልስ አንድ ዓይነት እንደሚሆን እገምታለሁ። ሾፌሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ፣ በፔካ 12፣ ተራውን ሲጠብቅ፣ ጉዳይ አስፈጻሚው ደግሞ ዲክላራሲዮኑን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ከዶራሌ ወደብ ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ መርከብ ወኪሉ ቢሮ ሲመላለስ ነው ያዩአት። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ተኝታለች። የማለዳና የምሽት ከተማ ናትና በቀትር ለሚመጣ እንግዳ የምታሳየው የተዘጋ መስኮቷን ነው።

ዕድሜዋ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ፈረንሳዮች በ1862 ከአፋር ሹማምንት ጋር ተዋውለው ኦቦክን ከያዙ በኋላ፣ ገዥው ሌዎንስ ላጋርድ የተሻለ የመርከብ ማረፊያና ወደ ሐረር የሚያቀርብ መንገድ ፈልጎ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻገረ፤ በ1888ም ከተማዋ አሁን ባለችበት ቦታ ተቆረቆረች። የጥንቱ ሕንፃዎች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ፣ ግድግዳቸው የወፈረ፣ በረንዳቸው በቅስት የተያዘና ኖራ የተቀቡ ናቸው፤ በግንባታውም ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ከማዶ ከየመን የተሻገሩ ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ሕንፃዎች የከበቡት የመሐል ከተማ አደባባይ ይፋዊ ስሙ የነጻነት ቀኗ፣ ማለትም «ጁን 27 ቀን 1977» ነው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ እያለ ይጠራዋል። ከዚያ ጥቂት ራመድ ሲሉ አንድ የየመን ተወላጅ በ1906 ያሠራው የሐሙዲ መስጊድ ይገኛል። ከመስጊዱ ጀርባ በቁጥር የሚጠሩት የነባሩ ሕዝብ ሰፈሮች ይጀምራሉ፤ ካርትዬ 1፣ ካርትዬ 2 እየተባለ እስከ 7 ይዘልቃል። ቁጥሩን ያወጡት ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ዛሬ ግን «የካርትዬ 2 ልጅ ነኝ» የሚል ጅቡቲያዊ አነጋገሩ እርስዎ «የመርካቶ ልጅ ነኝ» ሲል ከሚሰሙት ሰው ኩራት አያንስም።

ቀኑ የሚጀምረው በጊዜ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው። በየመንገዱ ዳር ሻይ በወተት ይጠጣል፤ አንዱ ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ በብብቱ ይዞ ያልፋል፣ ሌላው እንጀራችንን የሚመስለውን ላሆህ በማር አጥቅሶ ይበላል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከአወዳይና ከአካባቢው የተነሣው ጫት ከተማ ሲገባ ጥሩንባው ይቀልጣል፤ በየጥጉ የተቀመጡት ሻጭ ሴቶች እርጥብ ጆንያውን ገልጠው ዙርባውን መቁጠር ይጀምራሉ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወንዱ ሁሉ ከመንገዱ ይጠፋል። የሚገባው መብረዝ ወደሚባለው፣ ፍራሽና መከዳ ወደ ተደረደረበት ክፍል ሲሆን፣ የፖለቲካው፣ የጋብቻውና የንግዱ ጉዳይ የሚመከረው በርጫው ላይ ነው። እኔ ጫትን አላመሰግንም፤ የስንቱን ቤት አስቤዛ እንደሚበላ የጅቡቲ እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። ለእርስዎ ሥራ ግን ይህን ማወቅ ግድ ነው፦ ፊርማ የሚያስፈልገው ሰነድ ካለዎት ከሰባት ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ የዕረፍት ቀናቱም ዓርብና ቅዳሜ መሆናቸውን አይርሱ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሱቆች ዳግመኛ ይከፈታሉ፤ እውነተኛዋ ጅቡቲም ያኔ ትወጣለች። በመጀመሪያ ዓይንዎ የሚያርፈው በመንገድ ዳር ወንበር ዘርግተው፣ ትልቅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው በተቀመጡት ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች ላይ ይሆናል። ከቦርሳው ውስጥ ዶላሩም፣ ዩሮውም፣ የእኛም ብር በየፈርጁ ታስሮ ይወጣል፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ይዘው በአደባባይ ሲቀመጡ አጠገባቸው ዘበኛ አይቆምም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተተክሎ ቀርቷል። ስለዚህ ዶላር ለሚመነዝር ሰው ብዙ ክርክር የለም፤ ክርክሩ የሚደምቀው ብር ያወጡ እንደሆነ ነው።

በዚሁ ሰዓት ከየቤቱ የዕጣን ሽታ ይወጣል። የጅቡቲ ሴቶች ኡንሲ የሚሉትን፣ ከሙጫና ከሽቶ የሚዘጋጅ ዕጣን ከሰዓት በኋላ በማጨሻ አድርገው ቤቱንም ልብሱንም ያጥኑበታል። ባለቤትዎ ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ቀሚሳቸው ያንን ሽታ ይዞ ቢገባ በደኅና ተቀብለዋቸዋል ማለት ነው። ማታ ማታ ቤተሰቡ ዲራ የተባለውን ስስ ቀሚስ የለበሱትን ሴቶችና ሽርጥ የታጠቁትን ሽማግሌዎች ይዞ ሲየስታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ይወጣል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ በሚለው እርጥብ ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በረመዳን ደግሞ ይህ ሁሉ ወደ እኩለ ሌሊት ይዛወራል።

ከምግቡ ስለ አንዱ ብቻ ልናገር፤ ስለ እርሱ ግን በደንብ ልናገር። «የየመን ዓሣ» የሚሉት የከተማዋ ምግብ የሚሠራው አዳራሻቸው ባዶ ሊባል በሚችል፣ ግድግዳቸው በጢስ በጠቆረ ቤቶች ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው ከበረዶ ላይ ዓሣዎን ይመርጣሉ። ሠራተኛው በጀርባው በኩል ከራሱ እስከ ጅራቱ ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋዋል፣ በርበሬ የበዛበት ቅመም ይቀባዋል፣ ከዚያም በረጅም ብረት ይዞ በእንጨት ወደ ነደደው ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ያወርደዋል። ቂጣው የሚጋገረው በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ዓሣውና ቂጣው አንድ ዓይነት የጢስ ጠረን ይኖራቸዋል። ሲወጣ ቆዳው ከስሏል፣ ሥጋው ግን እርጥብ ነው፤ በወረቀት ላይ ተደርጎ ከቲማቲምና ከቃሪያ ከተፈጨ ማባያ ጋር ይቀርባል። በእጅ ይበላል፤ ሹካ መጠየቅ ነውር ባይሆንም የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ትኩስ ቂጣ ከሙዝና ከማር ጋር በእጅ ተፈትፍቶ ይመጣል። ይህ ጣፋጭ ምግብ ፍትፍት ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ባዕድ አይሆንበትም። የመን ከማዶ ናት፤ በ2015 ጦርነቱ ሲከፋ ሺዎች በጀልባ ወደ ኦቦክ የተሻገሩትም ከዚያው ነው። በአንጻሩ የእኛ ወጣቶች በዚሁ ኦቦክ በኩል ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ ይህንን ሳያነሡ ስለ ጅቡቲ ባሕር ውበት ብቻ ማውራት አይገባም።

ስለ ሕዝቡ ጠባይ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ኢሳና አፋር» ብሎ ያልፋል። የሁለቱ ሕዝቦች ግንኙነት ቀላል ታሪክ አይደለም፤ በ1991 የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነትም ጠባሳ ጥሏል። ሆኖም ከተማዋን የምትናገርበት አንደበት የሰጧት እነርሱ ናቸው። በአርሂባ ሰፈር ከሰሜን መጥተው በወደብ ጫኝና አውራጅነት የሠሩ አፋሮች ይኖራሉ፤ እኛም ከአፋር ክልል የምናውቀው የዳጉ ልማድ፣ ማለትም የተገናኘ ሰው ያየውንና የሰማውን ሳያጓድል የሚለዋወጥበት ሥርዓት፣ የእነርሱም ነው። ኢሳዎች ደግሞ በቃል የሚተላለፍ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ሄር ኢሴ ይባላል። ይህ ሕግ በ2024 በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በወደብ ሥራ ውስጥ አለመግባባት ሲነሣ ጅቡቲያዊው ባልደረባዎ ወዲያው ወደ ጠበቃ ከመሮጥ ይልቅ ሽማግሌ ፈልጎ ረጅም ንግግር ቢከፍት አይደነቁ፤ ቃል የሚከበርበት አገር ነው፤ የተናገሩትንም ከዓመት በኋላ ሊያስታውስዎ ይችላል።

ዘፈኗም ከወደብነቷ የተወለደ ነው። የሶማሌው ዜማ እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ በዚያ ላይ የህንድ ፊልም ዘፈን፣ የሱዳንና የየመን ሙዚቃ፣ በኋላም የጃማይካ ሬጌ በመርከብና በራዲዮ እየገቡ ተደባለቁበት። የብሔራዊው ራዲዮ ጣቢያ ይህን ሁሉ በቴፕ ቀርጾ አስቀምጧል፤ በገዥው ፓርቲ ምሥረታ ቀን የተሰየመው «4 ማርስ» (ማርች 4) የተባለ ባንድ የዚያ ዘመን ዋና ምስክር ነው። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ጅቡቲ በኦሊምፒክ ያገኘችው ብቸኛ ሜዳሊያ አሕመድ ሳላህ በ1988 በሴኡል ማራቶን ያመጣው ነሐስ ነው፤ አገራችን ባልሄደችበት ኦሊምፒክ።

መጥፎውንም ላስቀምጥልዎት። ኑሮው ውድ ነው፤ አትክልቱና ፍራፍሬው ከእኛ፣ ሌላው ሁሉ ከባሕር ይመጣል። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሠፈሮች ባሉባት አገር ጥሩ ቤት በርካሽ ይገኛል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ከደሃው ሰፈር ከባልባላ እስከ ሄሮን ቪላዎች ያለው ርቀት በመኪና አጭር ቢሆንም የኑሮው ልዩነት ያሳፍራል። ቢሆንም ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ በጅቡቲ ብቸኛ ወንድ ከመብረዝ ሌላ የሚውልበት ቦታ የለውም፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ግን በጎረቤት በኩል ከተማውን ያውቃል። እሁድ የሥራ ቀን ስለሆነ የሚቸግርዎት ቅዳሴው እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በከተማው አለ። የተዛወሩበት ወር ደግሞ መልካም ነው፤ መስከረምን ከታገሡ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ይለዝባል።

ጥያቄ፦ አባቴ በምድር ባቡር ድርጅት ድሬዳዋ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ ተሰናበቱ። ልጆች ሳለን ጅቡቲ ለእኛ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀርበን ነበር፤ ልብሱም፣ ሽቶውም፣ ወሬውም ከዚያ ይመጣል። አሁን አዲሱ ባቡር ከገባ በኋላ ከዚያ ዘመን ጅቡቲ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?
(አንባቢ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ)

መልስ፦ ሁለቱ ከተሞች የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው፤ ታላቋም ጅቡቲ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሥራ ላይ ውሎ ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ፤ የሐረር ተራራ አልወጣ ስላለም በ1902 መጨረሻ ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ቆመና ድሬዳዋን ፈጠረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የተወለዱባት ከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና በዛፍ የተጠለሉ ቤቶች ከጅቡቲው የፈረንሳይ ሰፈር ጋር የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም።

የቀድሞው ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ከተማው ውስጥ ነበር፤ ወርዶ በእግሩ ገበያ ይገባል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ጣቢያው ነጋድ ላይ፣ ከመሐል ከተማው ርቆ ተሠራ። ለጭነት የተመቸ ነው፤ ለመንገደኛው ግን ከተማው የሚጀምረው ታክሲ ከተሳፈረ በኋላ ሆኗል። በየፌርማታው ወርደውና ወጥተው የሚነግዱት፣ ዕቃቸውን በፉርጎው ውስጥ በዘመድ አዝማድ አካፍለው የሚያሳልፉት ሴቶች ሁለቱን ከተሞች ከማንም የበለጠ አስተሳስረዋቸው ነበር፤ አዲሱ ባቡር ለእነርሱ ዓይነት ንግድ ቦታ የሚሰጥ አይመስለኝም። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የማየው።

የቀረ ነገር ግን አለ። ገበያ ውስጥ በአማርኛ ቢጠይቁ የሚመልስልዎ ሰው አያጡም፤ ከሽማግሌዎቹም መካከል ድሬዳዋ የተማሩ፣ ድሬዳዋ ያገቡ፣ ድሬዳዋ የተወለዱ ይገኛሉ። ከ1999 ጀምሮ አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጌሌም የተወለዱት በእርስዎ ከተማ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ተሳፍረዋል፤ የአባትዎ የሥራ ባልደረቦች ይህን ከቀደሟቸው ሠራተኞች ሰምተው ሳይሆን አይቀርም። ሐዲዱ ሲያረጅ ሌሎች መስመሮች ተተክተዋል፦ ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከእኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ በቧንቧ የሚሄድ ውሃ ትጠጣለች። አባትዎ ጤናቸው ከፈቀደ በቀዝቃዛው ወራት ይውሰዷቸው፤ የድሮውን ጣቢያ ሕንፃ ራሳቸው ያሳዩዎታል።

ጥያቄ፦ የተሳቢ ሾፌር ነኝ። በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ስመላለስ ዓመታት ቢያልፉኝም የማውቀው ፔካ 12ን ብቻ ነው። ተራ ስጠብቅ አንድ ምሽት ባገኝ የት ብሄድ ይሻላል?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መኪናውን ለረዳትዎ አደራ ብለው፣ የመግቢያ ወረቀትዎን በኪስዎ ይዘው ከአሥር ሰዓት በኋላ በሚኒባስ በባልባላ በኩል ወደ መሐል ከተማ ይውረዱ። ጉምሩክ በሚዘጋበት ዓርብ ዋዜማ፣ ማለትም ሐሙስ ማታ ከሆነ ይበልጥ ይመረጣል፤ ከተማው የሚደምቀውም ያን ዕለት ነው፣ እርስዎም የሚያመልጥዎ ተራ የለም። ከሐሙዲ መስጊድ ፊት ለፊት ካለው ገበያ ይጀምሩ፣ በምኒልክ አደባባይ በኩል አድርገው ወደ ባሕሩ በእግርዎ ይሂዱ። አሳል ሐይቅን፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለውንና የአፍሪካን ዝቅተኛ ቦታ፣ ለሌላ ጊዜ ይተዉት፤ በአንድ ምሽት አይሆንም። ከኅዳር እስከ ጥር በአርታ ባሕር ዳርቻ የሚታየው ግዙፉ የዓሣ ነባሪ ሻርክም ጀልባና ሙሉ ቀን ይጠይቃል።

እራትዎን የየመን ዓሣ ያድርጉት። አንድ ዓሣ ለሁለት ሰው ስለሚበቃ ከፔካ 12 ጓደኛ ይዘው ይሂዱ። ዓሣው ወደ ምድጃው ከመውረዱ በፊት ዋጋውን ይጨርሱ፤ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር የለም። ሲመለሱ ሚኒባስ ካጡ አረንጓዴና ነጭ የተቀቡትን ታክሲዎች ይያዙ፤ ሒሳቡን ግን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ።